የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ
በሰሜን አሜሪካ የምዕራብ ጠረፍ ስለነበረው የጸጉራም ቆዳ ንግድ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምናወሳላችሁ ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት በሰሜን አሜሪካ የምዕራብ ጠረፍ ይካሄድ ስለነበረው የቆዳ ንግድ ነው። የንግዱ ዕቃ በባሕር ውስጥ የሚኖር የአንድ እንስሳ ጸጉራም ቆዳ ነበር። ሻጮቹ በዚያ ጠረፍ ከጥንት ዘመን ጀምሮ ይኖሩ የነበሩት የአገሩ ተወላጆች፥ ገዢዎቹ ከመስኮብ፥ ከእንግሊዝ፥ ከእስፓኝና ከአሜሪካ የመጡ መርከበኞች፥ በመጨረሻ ቆዳውን ለልብሳቸው ጌጥ የሚያደርጉት ደግሞ የቻይና መኳንንትና ባለጸጎች ነበሩ።

ይህን ታሪክ በአጭሩ የሚያወራ ሰው፥ «ፈረንጆች ለማያውቅ ሕዝብ ዶቃና መስተዋት እየሰጡ ሀብቱን ወሰዱበት» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን ይህን ያህል ቀላል አልነበረም። በጊዜው የነበሩት የመርከብ አዛዦች ከጻፉት የዕለት መዝገብ እንደምንረዳው፥ የአገሩ ሰዎች የዕቃን ዋጋ ጠንቅቀው የሚያውቁ፥ ገዢን ከገዢ የሚያወዳድሩ፥ በቀላሉ የማይታለሉ ነጋዴዎች ነበሩ። ንግዱን ያበላሸውና በመጨረሻም ወደ ደም ያደረሰው የሻጮቹ አለማወቅ አይደለም። ገዢው ጥቂት ወራት ቆይቶ የሚሄድ መንገደኛ በመሆኑ፥ የሠራውን በደል እዚያው ጥሎት ይሄድ ነበር፤ ዕዳው የሚጠየቀው ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ነበር። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ሲሉ የተናገሩት ቃል በዚያ ሩቅ ጠረፍ እንዴት እንደ ተፈጸመ በዚህ ንግግር እናያለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስለ እንስሳው

የንግዱ ምክንያት የሆነው እንስሳ የባሕር ኦተር ይባላል። በአገራችን ወንዞችና ሐይቆችም ዓሣ እያደነ የሚኖር ዘመድ አለው። የባሕሩ ኦተር ግን ከዘመዶቹ ሁሉ በክብደት ይበልጣል፤ ትልቁ ወንድ እስከ 45 ኪሎ ይመዝናል። መኖሪያውም ከጃፓን በስተ ሰሜን ካሉት ደሴቶች ጀምሮ በካምቻትካና በአላስካ በኩል ዞሮ እስከ ካሊፎርኒያ የሚደርሰው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው። በጀርባው ተንሳፎ፥ ደረቱ ላይ ድንጋይ አኑሮ፥ ቅርፊት ያላቸውን የባሕር ፍጥረቶች በድንጋዩ ላይ እየሰበረ ይበላል።

የዚያ አካባቢ ባሕር እጅግ ቀዝቃዛ ነው። ዓሣ ነባሪን የመሳሰሉት ፍጥረቶች ብርዱን የሚቋቋሙት ከቆዳቸው ሥር ባለው ወፍራም ስብ ነው። የባሕር ኦተር ግን ይህ ስብ ስለሌለው ሙቀቱን የሚጠብቅለት ጸጉሩ ብቻ ነው። ስለዚህም ጸጉሩ ከእንስሳት ሁሉ ጸጉር ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በሰው ራስ ላይ ያለው ጸጉር በጠቅላላው 100,000 ገደማ ሲሆን፥ በኦተር ገላ ላይ ግን ጸጉሩ በበዛበት ስፍራ በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ብቻ ከዚህ የሚበልጥ ይገኛል። እንስሳውን ከብርድ ያዳነው ይህ ጸጉር ከሰው እጅ ሊያድነው አልቻለም። ሴቲቱም በአብዛኛው በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ስለሆነ፥ አደኑ ከበዛ ዘሩ ቶሎ ሊተካ አይችልም።

መስኮቦች በአልዩት ደሴቶች

በመስኮብ መንግሥት የባሕር ኃይል ያገለግል የነበረው የዴንማርክ ተወላጅ ቪቱስ ቤሪንግ በ1741 ዓ.ም. የአላስካን ጠረፍ አይቶ ሲመለስ፥ መርከቡ ዛሬ በስሙ በምትጠራው ደሴት ዳርቻ ተሰበረች። እርሱም በዚያው ዓመት በደሴቲቱ ላይ ሞተ። ከሞት የተረፉት ባልንጀሮቹ የኦተር ሥጋ እየበሉ ክረምቱን ካሳለፉ በኋላ፥ ከመርከቧ ስባሪ ትንሽ ጀልባ ሠርተው በ1742 ዓ.ም. ወደ ካምቻትካ ተመለሱ። ከእነርሱም ጋር ብዙ የኦተር ቆዳ ይዘው ነበር። ቆዳውንም የቻይና ነጋዴዎች በከፍተኛ ዋጋ እንደሚገዙት ታወቀ።

ከዚህ በኋላ የሳይቤርያ አዳኞች አልዩት በሚባሉት ደሴቶች ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገሩ ወደ ምሥራቅ ገሰገሱ። ነገር ግን አንድ ችግር ገጠማቸው። ኦተርን በባሕር ላይ ማደን ልዩ ጥበብ ይጠይቃል። ይህን ጥበብ የሚያውቁት በቆዳ በተለበጠ ቀላል ጀልባ እየቀዘፉ ጦር የሚወረውሩት የደሴቶቹ ተወላጆች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ አዳኞቹ የመንደሩን ሴቶችና ልጆች መያዣ አድርገው እየወሰዱ፥ ወንዶቹን በግዴታ ወደ ባሕር ይልኳቸው ነበር። ይህን ንግድ ብሎ መጥራት አይገባም። ሻጭ እንቢ ለማለት በማይችልበት ስፍራ ገበያ የለምና።

አልዩቶች በ1763 ዓ.ም. ተነሥተው አራት የመስኮብ መርከቦችን አጠፉ። አጸፋው ግን እጅግ የከፋ ሆነባቸው፤ መንደሮቻቸው ፈረሱ፥ ጀልባዎቻቸውና የአደን መሣሪያዎቻቸው ተሰበሩ። በ1784 ዓ.ም. ግሪጎሪ ሸሊኮፍ የተባለው ነጋዴ በኮዲያክ ደሴት ገብቶ፥ በአንድ አምባ ላይ የተጠለሉትን ተወላጆች በመድፍ ደብድቦ ብዙዎችን ፈጀ። ተወላጆቹ ይገብሩት የነበረው የቆዳ ግብር በ1788 ዓ.ም. በዳግማዊት ካትሪን ትእዛዝ ቢቀርም፥ የግዴታው አደን ግን አልቀረም። ትእዛዙ የወጣው በፔተርስቡርግ ነው፤ ደሴቶቹ ደግሞ ከዚያ እጅግ ሩቅ ነበሩ። በደልና ጦርነት፥ ራብና ከውጭ የመጣ በሽታ ተደራርበው የአልዩትን ሕዝብ በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ ወደ ጥቂት ሺህ ዝቅ አደረጉት።

ካፒቴን ኩክ በኑትካ

ከዚያ በስተ ደቡብ ባለው ጠረፍ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ተጀመረ። ዝነኛው እንግሊዛዊ መርከበኛ ካፒቴን ጄምስ ኩክ፥ ከፓሲፊክ ወደ አትላንቲክ የሚያሳልፍ የሰሜን መተላለፊያ እንዲፈልግ ታዝዞ ሲጓዝ፥ በመጋቢት ወር 1778 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኑትካ ወደሚባለው ሰርጥ ደረሰ። ይህ ስፍራ ዛሬ በካናዳ ውስጥ ቫንኩቨር በሚባለው ደሴት የምዕራብ ጠረፍ ይገኛል። በዚያም ዩኮት በሚባል መንደር የሚኖሩ ሞዋቻት የተባሉ ሰዎች ጀልባዎቻቸውን ይዘው መርከቦቹን ተቀበሉ።

እነዚህ ሰዎች ከዝግባ ሳንቃ ትልልቅ ቤቶችን የሚሠሩ፥ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ጀልባ ዓሣ ነባሪን የሚያድኑ፥ የመኳንንትና የጭፍራ ሥርዓት ያላቸው ሕዝብ ነበሩ። ብረትንና መዳብንም ከኩክ መምጣት በፊት ያውቁ ነበር። ኩክን ግን ከሁሉ ያስገረመው የንብረት ሕጋቸው ነው። መርከበኞቹ በመርከብ ላይ ለነበሩት ከብቶች ሣር ለማጨድ ወደ መሬት ሲወርዱ፥ የአገሩ ሰዎች መጥተው የሣሩን ዋጋ ጠየቁ። ለአንዱ ሲከፈለው ሌላው ባለ ድርሻ ይመጣል፤ እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ቁራጭ መሬት ባለቤት ያለው ሆኖ ተገኘ። ኩክም በዞረባቸው አገሮች ሁሉ በምድሩ ለሚበቅለው ነገር ይህን ያህል መብቱን አጥብቆ የሚይዝ ሕዝብ እንዳልገጠመው በመዝገቡ ጻፈ። ከዚህም በላይ ሞዋቻቶች ሌሎች ነገዶች ወደ መርከቦቹ ቀርበው በቀጥታ እንዳይነግዱ ከለከሉ። ዕቃውን ከጎረቤት ገዝተው ለእንግዳው የሚሸጡት እነርሱ ብቻ ሆኑ። ስለ ርስትና ስለ ገበያ ይህን ያህል የሚያውቅ ሕዝብ ሞኝ ነበር ለማለት አይቻልም።

ኩክ በሚቀጥለው ዓመት በየካቲት ወር በሐዋይ ደሴቶች ተገደለ። መርከቦቹ ግን ጉዟቸውን ቀጥለው በ1779 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ቻይና ደረሱ። መርከበኞቹ ከብርድ ሊለብሷቸውና ሊተኙባቸው በትንሽ ዋጋ የገዟቸውን ቆዳዎች በካንቶን ሲሸጡ፥ ምርጥ የሆነው አንዱ ቆዳ እስከ 120 የእስፓኝ ብር አወጣ። ይህን ያዩት መርከበኞች «ተመልሰን እንሂድ» ብለው በአዛዦቻቸው ላይ ለማመፅ ጥቂት ቀራቸው። የጉዞው ታሪክ በ1784 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ ወሬው በነጋዴዎች ዘንድ ሁሉ ተሰማ።

ገበያው እንዴት ይካሄድ ነበር

መጀመሪያ የደረሰው በ1785 ዓ.ም. ከቻይና ጠረፍ የተነሣው ጄምስ ሃና ነው። እርሱም 560 ቆዳ ሰብስቦ በካንቶን በ20,600 ብር ሸጠ። ከእርሱ በኋላ ብዙ የእንግሊዝ መርከቦች ተከታተሉ። ነገር ግን በእንግሊዝ ሕግ የምሥራቁ ንግድ ለታላላቅ ኩባንያዎች ብቻ የተፈቀደ ስለነበር ነጋዴዎቹ እጃቸው ታሰረ። እንዲህ ያለ ማሰሪያ ያልነበረባቸው የቦስተን ከተማ ነጋዴዎች ግን በ1787 ዓ.ም. ኮሎምቢያና ሌዲ ዋሽንግተን የተባሉትን ሁለት መርከቦች ላኩ። ኮሎምቢያ ቆዳዋን በካንቶን ሸጣ፥ ሻይ ጭና፥ በ1790 ዓ.ም. ቦስተን ስትገባ፥ ዓለምን በመዞር የመጀመሪያዋ የአሜሪካ መርከብ ሆነች።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ታወቀ። ከቦስተን ብረታ ብረትና ጨርቅ ይጫናል፤ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ዞሮ በሰሜን ምዕራቡ ጠረፍ በቆዳ ይለወጣል፤ ቆዳው በካንቶን በሻይ፥ በሐርና በሸክላ ዕቃ ይለወጣል፤ ይህም በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ በኩል ወደ ቦስተን ይመለሳል። ጉዞው በሁለትና በሦስት ዓመት ይፈጸማል። የጠረፉም ሰዎች እንግዶቻቸውን በሁለት ስም ለይተው ይጠሯቸው ጀመር፤ እንግሊዞችን «የንጉሥ ጊዮርጊስ ሰዎች»፥ አሜሪካኖችን ደግሞ «ቦስተኖች» ይሏቸው ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነጋዴው ትርፍ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። በ1789 ዓ.ም. ሌዲ ዋሽንግተን ሃይዳ የሚባሉት ሕዝቦች በሚኖሩበት ደሴት ዳር ቆማ፥ አንዱን ቆዳ በአንድ የብረት መሮ እየለወጠች በጥቂት ጊዜ ውስጥ 200 ቆዳ ሰበሰበች። እንዲህ ያለው ገበያ ግን አልቆየም። ሻጮቹ ብዙ መርከብ እንደሚመጣ ባወቁ ጊዜ ዋጋቸውን ከፍ አደረጉ። ዛሬ የቀረበላቸውን ዋጋ ሳይቀበሉ ነገ ሌላ መርከብ እስኪመጣ ይጠብቁ ነበር። ብረት ሲበዛባቸው መዳብ፥ መዳብ ሲበዛባቸው ብርድ ልብስና ጨርቅ፥ ከዚያም ጠመንጃና ባሩድ ይጠይቁ ጀመር። የጠመንጃውን አፈሙዝ፥ የጨርቁንም ውፍረት መርምረው መናኛውን ይመልሱት ነበር። በሃይዳዎች ዘንድ ባል የተስማማበትን ዋጋ ሚስት ካልወደደችው ሽያጩ ይፈርስ እንደነበር መርከበኞቹ በመደነቅ ጽፈዋል።

አለቆቹ በንግዱ ያገኙትን ሀብት በጎተራ አያከማቹትም ነበር። ፖትላች በሚባለው ታላቅ ግብዣ እንግዶችን ጠርተው ብርድ ልብሱንና መዳቡን ያድሉታል፤ ክብራቸውም የሚለካው በሰጡት መጠን ነበር። እንግዶቹም የስጦታው ምስክሮች ይሆናሉ። ክብር በአደባባይ የሚሰጥበት አገር ስለሆነ፥ ውርደትም በአደባባይ የሆነ እንደሆነ በአደባባይ ካልተካሰ አይሽርም ነበር። የመርከብ አዛዦቹ ብዙ ጊዜ ያላስተዋሉት ይህን ነው።

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ

በዩኮት መንደር ታላቁ አለቃ ማኲና ይባል ነበር። በ1789 ዓ.ም. የእስፓኝ የጦር መርከብ አዛዥ ማርቲኔዝ መጥቶ «ይህ ጠረፍ የንጉሣችን ግዛት ነው» በማለት የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች ያዘ። የማኲና የቅርብ ዘመድ የሆነው ካሊኩም የተባለው አለቃ በጀልባ ቀርቦ እስፓኞችን በቁጣ ቢዘልፋቸው በጥይት ተመትቶ ሞተ። በዚህ ጠብ ምክንያት እንግሊዝና እስፓኝ በ1790 ዓ.ም. ሊዋጉ ከተዘጋጁ በኋላ በውል ታረቁ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው፥ የአገሩ ባለቤቶች በውሉ ላይ ሳይጠየቁ የሞተው የእነርሱ ሰው ሆነ።

ሆኖም በዚሁ ስፍራ መልካም ነገርም ታይቷል። በ1792 ዓ.ም. ውሉን እንዲያስፈጽም የተላከው የእስፓኝ መኰንን ቦዴጋ ኢ ኳድራ ማኲናን እንደ ታላቅ መስፍን አክብሮ በማዕዱ ያስቀምጠው ነበር። ማኲናም በበኩሉ ኳድራንና የእንግሊዙን መልእክተኛ ጆርጅ ቫንኩቨርን በመንደሩ ተቀብሎ በጭፈራ አስተናገዳቸው። ካሊኩም ከተገደለ ሦስት ዓመት ብቻ ሆኖት ሳለ እንዲህ ያለ ወዳጅነት መፈጠሩ፥ በጎ ጠባይ ያለው አንድ ባለ ሥልጣን ምን ያህል ሊያደርግ እንደሚችል ያሳያል። ነገር ግን በ1795 ዓ.ም. ሁለቱም መንግሥታት ኑትካን ለቀው ሄዱ። ጠረፉም ለሚመጣውና ለሚሄደው ነጋዴ ቀረ።

በደልና ብድሩ

አሁን የንግግራችን ዋና ነገር ወደ ሆነው እንደርሳለን። የሌዲ ዋሽንግተን አዛዥ ጆን ኬንድሪክ በ1789 ዓ.ም. ወደ ሃይዳዎች ደሴት መጥቶ ሲነግድ ጥቂት ልብስ ተሰረቀበት። በዚህም ተቆጥቶ ኮያ የተባለውን አለቃና አንድ ሌላ አለቃ ይዞ እግራቸውን በመድፍ መንኮራኩር ላይ አሰረ። የተሰረቀው እስኪመለስና ያላቸውን ቆዳ እርሱ በቈረጠው ዋጋ እስኪሸጡለት ድረስም አልፈታቸውም። ለኬንድሪክ ነገሩ በዚያው አለቀ። ለኮያ ግን ገና መጀመሩ ነበር። በእስራት የተዋረደ አለቃ በሕዝቡ ዘንድ ክብሩን ያጣልና፥ ኮያ በ1791 ዓ.ም. ኬንድሪክ ሳይጠነቀቅ በተመለሰ ጊዜ የመርከቢቱን የጦር መሣሪያ ሣጥኖች ያዘ። መርከበኞቹ ታግለው መሣሪያቸውን ካስመለሱ በኋላ ግን 40 ያህል ሃይዳዎች ተገደሉ፤ ከሞቱት መካከል የኮያ ሚስትና ልጆች እንደነበሩ ተጽፏል። ኬንድሪክ ወደ ሌላ ወደብ ሄደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የኮያ ሰዎች ሌላ የአሜሪካ መርከብ ይዘው መርከበኞቹን ፈጁ።

በ1792 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የኮሎምቢያ አዛዥ ሮበርት ግሬይ፥ የክላዮኮት ሰዎች ሊወጉኝ መክረዋል ብሎ ሰዎቹ የሌሉበትን ኦፒትሳት የተባለ መንደር አስቃጠለ። 200 ያህል ቤቶች የነበሩበትና በሮቹ በቅርጽ ያጌጡ መንደር ነበር። ማቃጠሉን እንዲፈጽም የታዘዘው ጆን ቦይት የተባለ የ17 ዓመት ወጣት መኰንን፥ አዛዡ በቁጣ ተሸንፎ ይህን በማድረጉ ማዘኑን በመዝገቡ ጻፈ። ግሬይም ከሁለት ወር በኋላ በስተ ደቡብ አንድ ታላቅ ወንዝ አግኝቶ በመርከቡ ስም ኮሎምቢያ ብሎ ሰየመው። የታሪክ መጻሕፍት ለብዙ ጊዜ ወንዙን እንጂ መንደሩን አላስታወሱም።

ይህ ሁሉ የተጠራቀመ ዕዳ በ1803 ዓ.ም. ቦስተን በተባለች መርከብ ላይ ተከፈለ። አዛዡ ጆን ሶልተር ለማኲና ጠመንጃ በስጦታ ሰጠው። ማኲና ጠመንጃው ተሰብሮ ሲመልሰው ሶልተር ተቆጥቶ ሰደበው። ሶልተር አይሰማኝም ብሎ ይሆናል፤ ማኲና ግን ከብዙ መርከበኞች ጋር በመኖሩ የእንግሊዝኛውን ስድብ ያውቅ ነበር። ጥቂት ቀን ታግሦ በመጋቢት 22 ቀን ሰዎቹ መርከቢቱን በድንገት ይዘው ከሁለት መርከበኞች በቀር ሁሉን ገደሉ። ከሁለቱ አንዱ ጆን ጁዊት የሚባል ወጣት አንጥረኛ ሲሆን፥ የተረፈው ብረት መሥራትና ጠመንጃ ማደስ ስለሚያውቅ ነው። እርሱና ጓደኛው በ1805 ዓ.ም. በሌላ መርከብ እስኪወጡ ድረስ ሁለት ዓመት ከማኲና ጋር ኖሩ።

ጁዊት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ማኲና የዚህን እልቂት ምክንያት ሲነግረው የሶልተርን ስድብ ብቻ አለመጥቀሱን ገልጿል። ማኲና ያለፈውን ሒሳብ አንድ በአንድ ቈጠረለት። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ የመርከብ አዛዥ እርሱ በሌለበት ቤቱ ገብቶ 40 ቆዳ ወስዶበታል፤ የእስፓኙ ማርቲኔዝ አለቆችን ገድሏል፤ ሃናም አንድ መሮ ተሰረቀብኝ ብሎ በጀልባ ላይ የነበሩትን ከ20 የሚበልጡ ሰዎች በጥይት ፈጅቷል። ሶልተር ከእነዚህ አንዱንም አልሠራም። ነገር ግን እንደ እነርሱ ባለ መርከብ መጣ፥ እንደ እነርሱም ተናገረ፤ በእነርሱም ምትክ ተጠየቀ። ከእርሱ ጋር የሞቱትም መርከበኞች ምናልባት የሃናን ስም እንኳ ሰምተው አያውቁም ነበር። የማኲና ብቀላ ለንጹሕ ሰው የማይራራ መሆኑ አይካድም፤ ቢሆንም ብቀላውን የሚተካ ዳኛ በዚያ ጠረፍ አልነበረም። የተበደለ አለቃ አቤቱታውን የሚያቀርብበት አደባባይ፥ በዳዩንም ለፍርድ የሚያቆም መንግሥት አልነበረምና።

እንዲህ ያለው ነገር በዚያ አላበቃም። በ1811 ዓ.ም. የቶንኲን መርከብ አዛዥ ጆናታን ቶርን በዋጋ ባለመስማማት በአንድ ሽማግሌ አለቃ ፊት ላይ ቆዳውን በንቀት ወረወረበት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአገሩ ሰዎች ቶርንንና አብዛኞቹን መርከበኞች ገደሉ። በማግሥቱም ብዙ ሰዎች በመርከቢቱ ላይ ሳሉ የባሩዱ ጎተራ ፈንድቶ ከወጡባት ጋር አብራ ጠፋች። በሰሜኑም በኩል ትሊንጊት የሚባሉት ሕዝቦች መስኮቦች በሲትካ የሠሩትን ምሽግ በ1802 ዓ.ም. አጠፉት። ከሁለት ዓመት በኋላ የመስኮቡ ሹም ባራኖፍ በጦር መርከብ ረዳትነትና በብዙ አልዩት ቀዛፊዎች ተመልሶ ስፍራውን ያዘ። እዚያም ሲዋጉ ከሞቱት ብዙዎቹ በግዴታ የመጡት አልዩቶች ነበሩ።

በመጨረሻ ምን ቀረ

ንግዱ የሞተው እንስሳው በማለቁ ነው። አደኑ ከመጀመሩ በፊት በጠረፉ ሁሉ ከ150,000 እስከ 300,000 የሚደርስ ኦተር እንደነበረ ሊቃውንት ይገምታሉ። በ1911 ዓ.ም. አሜሪካ፥ ሩስያ፥ ጃፓንና ስለ ካናዳ የተዋዋለችው እንግሊዝ ተስማምተው አደኑን ሲከለክሉ ግን በየስፍራው ተበታትኖ የቀረው ከ2,000 የሚበልጥ አልነበረም። ኦተር ሲጠፋ ጉዳቱ በእርሱ ብቻ አልቆመም። ምግቡ የነበረው ጃርት መሳይ የባሕር ፍጥረት በዝቶ በባሕር ውስጥ እንደ ደን የሚበቅለውን ትልቁን አረም በላው፤ በዚያ ደን ውስጥ ይጠለሉ የነበሩት ዓሦችም መጠለያ አጡ። በጠረፉ ሁሉ የሚያድነውም የሚገዛውም የየራሱን ዓመት ትርፍ ሲቈጥር፥ ለሚቀጥለው ዓመት ማንም አላሰበም ነበር።

የሕዝቡ ጉዳት ከዚህም የበለጠ ነው። በመርከብ የመጣው ፈንጣጣ ከጥይት ይልቅ ብዙ ሰው ገደለ። በተለይ በ1862 ዓ.ም. የተነሣው ወረርሽኝ መንደሮችን ባዶ አስቀረ። ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት ከ10,000 ይበልጡ እንደነበር የሚገመቱት ሃይዳዎች በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከ1,000 በታች ሆነው ተገኙ። መስኮብም አላስካን በ1867 ዓ.ም. ለአሜሪካ በ7,200,000 ብር ሸጠች። በዚህም ሽያጭ ላይ የአገሩ ባለቤቶች አልተጠየቁም።

ሆኖም ሕዝቦቹ አልጠፉም። ሃይዳዎች፥ ትሊንጊቶች፥ አልዩቶችና የማኲና ወገኖች ዛሬም በአገራቸው አሉ፤ የአለቆቻቸውም ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። ከ1969 እስከ 1972 ዓ.ም. ከአላስካ የተወሰዱ 89 ኦተሮች ወደ ቫንኩቨር ደሴት ጠረፍ ተመልሰው ዘራቸው እንደ ገና በዛ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የካፒቴን ግሬይ ዘሮች የተቃጠለው መንደር ወደ ነበረበት አገር ሄደው፥ ከ213 ዓመታት በፊት አባታቸው ስላደረገው ነገር የመንደሩን ተወላጆች በአደባባይ ይቅርታ ለመኑ። ይቅርታ የሚለምነው ሰው ታሪኩን ከመጽሐፍ ሊያነብ ይችላል፤ ይቅርታ ሰጪዎቹ ግን ከአያቶቻቸው አፍ ሰምተው ይዘውት ቆይተዋል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት በቆዳ ለሚነግዱ ብቻ አይደለም። ወደ አንድ አገር ወይም ወደ አንድ ሥራ ለጥቂት ጊዜ የሚላክ ሰው ሁሉ፥ ነጋዴም ቢሆን ሹም ቢሆን፥ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው ስም ትቶ ይሄዳል። ኳድራ የተወው ስም ለተተኪው ማዕድ ሆነ፤ የሃናና የማርቲኔዝ ግን ለሶልተር ሞት ሆነ። በደለኛው መርከቡን አስነሥቶ ከሄደ በኋላ በወደቡ ቆሞ የሚያስታውስ ሰው መኖሩን ማወቅ ለማንም ባለ ሥልጣን የሚጠቅም ጥበብ ነው።